የዝንጀሮ እርባታና የማኅበር ሥርዓቱ፤ ከፎገራ ሜዳ እስከ ኤረር ገደል

መግቢያ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት፣ ስሙንም ለታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያ የሰጠ አገር ነው። በዚህ ሜዳ ከብት የሚያረባ ገበሬ መራባትን መምራት ምን ማለት እንደሆነ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። ይኸውም ከወይፈኖቹ መካከል በቁመናውና በጉልበቱ፣ እንዲሁም በእናቱ ወተት የተመሰከረለትን ለኮርማነት ያስቀራል፤ የቀሩትን አኮላሽቶ ለእርሻ ያውላል ወይም አድልቦ ይሸጣል። አንድ ኮርማ ለብዙ ላሞች ይበቃል፤ ትርፍ የሆነውም ወንድ በቀንበር ሥር ወይም በገበያ ቦታ አያጣም። ይህንኑ ሥራ በጥናት ለማካሄድ እ.ኤ.አ. በ1964 በባሕር ዳር አቅራቢያ በአንዳሳ የከብት እርባታ ጣቢያ ተቋቁሞ የፎገራን ዝርያ ለመጠበቅና ለማሻሻል ሲሠራ ቆይቷል።

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ ከሜዳው ከፍ ብሎ የጣራ ገዳም ደን ይገኛል። በገዳሙ ጥበቃ ለዘመናት በቆየው በዚህ ደን ዝንጀሮና ጦጣ ያለ እረኛና ያለ መዝገብ ይራባሉ። እነዚህን እንስሳት የሰው ልጅ በአጥር ውስጥ አኑሮ ላርባችሁ ቢል ግን፣ የፎገራ ገበሬ ስለ ኮርማና ስለ ላም ያካበተው ዕውቀት ብቻውን አይበቃውም። በሌሎች አገሮች በዚሁ ዕውቀት ተመርተው የጀመሩ ሰዎች ብዙ እንስሳት አልቀውባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚብራራው የዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። በአጭሩ ሲገለጽ፣ የዝንጀሮን መራባት መምራት ማለት ወንድና ሴትን ማገናኘት ሳይሆን እንስሳቱ የሚኖሩበትን የማኅበር ሥርዓት ዐውቆ መጠበቅ ማለት ነው።

የማርቢያ ጣቢያዎች ለምን አስፈለጉ

ዝንጀሮና ጦጣ በማቆያ የሚረቡት በሁለት ዋና ምክንያቶች ነው። አንደኛው የሕክምና ምርምር ነው። የፖሊዮ ክትባት በተሠራበትና በተሞከረበት ዘመን እጅግ ብዙ ጦጣዎች ከእስያና ከአፍሪካ ጫካዎች እየተያዙ ወደ ቤተ ሙከራዎች ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕንድ መንግሥት ሬሰስ የተባለው ጦጣ ከአገሩ እንዳይወጣ በማገዱ፣ ተመራማሪ አገሮች እንስሳቱን ከጫካ መሰብሰቡን ቀንሰው በራሳቸው ጣቢያዎች ወደ ማርባት ዘወር አሉ። ከዚያ ቀደም ሲል ግን እ.ኤ.አ. በ1927 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሱኩሚ አንድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በዚህ ጣቢያ በብዛት ከተረቡት እንስሳት አንዱ በኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ቆላዎች የሚኖረው ሐማድርያስ ዝንጀሮ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በአራዊት ማቆያዎች ለሕዝብ ትምህርት ማሳየትና ዝርያውን መጠበቅ ነው። በዚህም ረገድ ሐማድርያስ ዝንጀሮና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ በልዩ ልዩ አገሮች ማቆያዎች ሲረቡ ኖረዋል። ስለሆነም ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የተገኘውም ከእነዚሁ እንስሳት ነው።

የለንደኑ «የዝንጀሮ ኮረብታ»

እ.ኤ.አ. በ1925 የለንደን አራዊት ማቆያ 30 ሜትር ያህል ርዝመትና 18 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሰው ሠራሽ የድንጋይ ኮረብታ ሠርቶ ወደ 100 የሚጠጉ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን አሰፈረበት። የታሰበው ወንዶች ብቻ እንዲሆኑ ነበር፤ ነገር ግን 6 ሴቶች በስሕተት ተቀላቅለው ገቡ። ወዲያው ብርቱ ጠብ ተነሣ፤ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥም በርካታ እንስሳት በበሽታና በጠብ ሞቱ።

የማቆያው ኃላፊዎች ጠቡ የተነሣው በሴቶች ማነስ ነው ብለው በማሰባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ሌሎች 30 ሴቶች አስገቡ። ይህ እርምጃ በቁጥር ስሌት ሲታይ ትክክል ይመስላል። ውጤቱ ግን በተቃራኒው ሆነ፤ ከአዲሶቹ ሴቶች ግማሽ ያህሉ በአንድ ወር ውስጥ ተገደሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1930 ድረስ ከሞቱት 33 ሴቶች መካከል 30ዎቹ ሕይወታቸው ያለፈው በወንዶች ሽሚያና ጠብ ነበር።

ሁኔታውን የተከታተለው የሥነ አካል ሊቅ ሶሊ ዙከርማን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዝንጀሮዎችን ማኅበር የሚያስተሳስረው የወሲብ ፍላጎት እንደሆነ፣ ሥርዓቱም በኃይለኞች የበላይነት ላይ እንደቆመ ገለጸ። ይህ አስተያየት ለብዙ ዓመታት ተቀባይነት አግኝቶ ቆይቷል። ነገር ግን የተመሠረተው ከልዩ ልዩ ቦታ በተሰበሰቡ፣ እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁና በጠባብ ስፍራ በታጎሩ እንስሳት ላይ ነበር።

ከኤረር የተገኘው መልስ

ጥያቄው በሚገባ የተመለሰው በኢትዮጵያ ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐንስ ኩመር አስቀድሞ በዙሪክ አራዊት ማቆያ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን ሲያጠና ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 ከባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር በድሬዳዋና በአዋሽ መካከል በሚገኘው በኤረር አካባቢ በዱር የሚኖሩትን ተከታተለ። እነዚያው በለንደን የተፋጁት እንስሳት በኤረር በመቶ እየተቆጠሩ በአንድ ገደል ላይ በሰላም ሲያድሩ አገኛቸው።

የሰላሙም ምክንያት ማኅበራቸው በደረጃ የተዋቀረ መሆኑ ነው። መሠረቱ አንድ አውራ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው የሚገኙበት ቤተሰብ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ተሰባስበው አንድ ጭፍራ ይሆናሉ፤ ልዩ ልዩ ጭፍሮችም በማታ በአንድ ገደል ያድራሉ። አውራው ሴቶቹን በቅርብ ይጠብቃቸዋል፤ አንዷ ስትርቅ አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። በአንጻሩ በአንድ ጭፍራ የሚኖሩና የሚተዋወቁ ወንዶች አንዳቸው የሌላውን ቤተሰብ አይነኩም። ኩመርና ባልደረቦቹ በኋላ ባደረጉት ሙከራ፣ አንድ ወንድ ሌላው ከሴት ጋር ተጣምሮ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ካየ፣ ሊነጥቀው እንደማይሞክር አረጋገጡ። ወጣቱ ወንድ ቤተሰብ የሚመሠርተው ገና ያልደረሰች ሴት ግልገል አስጠግቶ በማሳደግ ወይም የአንድ አውራ ተከታይ ሆኖ በመቆየት ነው።

ከዚህ በመነሣት የለንደን ጥፋት በቀላሉ ይገባል። በኮረብታው ላይ የማን ቤተሰብ የት እንደሆነ የሚያውቅ ወንድ አልነበረም፤ በመተዋወቅ የሚመጣው መከባበርም አልተፈጠረም። በዚህ ሁኔታ 30 ሴቶችን በአንድ ጊዜ ማስገባት ለእያንዳንዱ ወንድ አዲስ የጠብ ምክንያት መስጠት ነበር። የጎደለው ሥርዓት እንጂ ሴት አልነበረም።

ሁሉም ዝንጀሮ አንድ አይደለም

በአማርኛ «ዝንጀሮ» የሚለው ስም ከአንድ በላይ ለሆኑ ዓይነቶች ይውላል። በደጋና በወይና ደጋ ደኖች በስፋት የሚገኘው አኑቢስ የተባለው ዝንጀሮ ከሐማድርያስ ጋር የቅርብ ዘመድ ቢሆንም የማኅበር ሥርዓቱ የተለየ ነው። በአኑቢስ መንጋ ብዙ ወንዶችና ብዙ ሴቶች አብረው ይኖራሉ። ሴቶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ወንዶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳሉ። የጦጣም ልማድ በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው። በሐማድርያስ ግን ወንዶች በአብዛኛው ከትውልድ ጭፍራቸው አይለዩም፤ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚዛወሩት ሴቶች ናቸው።

የዚህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም ከፍተኛ ነው። ከአኑቢስ ወይም ከጦጣ መንጋ የደረሰ ወንድ ወስዶ ወደ ሌላ ማቆያ ማዛወር ተፈጥሮ ራሷ የምታደርገውን መከተል ነው። በሐማድርያስ ላይ ይኸው ሲደረግ ግን ለብዙ ዓመታት የተገነባ ትውውቅ ይፈርሳል። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ አጥር ቢቀላቀሉ ደግሞ ይዳቀላሉ፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ወሰናቸው በሚገናኝበት ስፍራ የተዳቀሉ ዝንጀሮዎች በዱር መኖራቸው ለብዙ ዓመታት ተጠንቷል።

የጭላዳ ነገር ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጭላዳም በአንድ አውራ በሚመሩ ቤተሰቦች ይኖራል፤ ቤተሰብ የሌላቸው ወንዶች ለብቻቸው ተሰባስበው ይቆዩና ጊዜ ጠብቀው አውራውን ታግለው ይተካሉ። በስሜን ተራሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ አውራ ቤተሰቡን ሲረከብ ካረገዙት ሴቶች መካከል 80 በመቶ ያህሉ በቀጣዮቹ ሳምንታት ጽንስ ይጨነግፍባቸዋል። አዲሱ አውራ የቀድሞውን ግልገሎች እንደሚገድልም በዚያው አካባቢ ታይቷል። እንግዲህ በማቆያ ውስጥ አውራ መለወጥ አንድ እንስሳ በሌላ የመተካት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በማኅፀን ያሉትንና ጡት የሚጠቡትንም ይነካል።

የመራባት ምልክቶችና መዝገብ

የማኅበሩ ዓይነት ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው የእያንዳንዷን ሴት ሁኔታ መከታተል ነው። በዝንጀሮ ይህ ቀላል ነው። የደረሰች ሴት በመቀመጫዋ አካባቢ ያለው ቆዳ በየወሩ ገደማ ያብጥና ይቀላል፤ እብጠቱ ከፍ ባለበት ሰሞን ለመፀነስ ዝግጁ ናት፤ ከፀነሰች እብጠቱ አይመለስም። በጭላዳ ምልክቱ በደረቷ ላይ ባለው ጠጉር አልባ ቆዳ ዙሪያ ይታያል። በጦጣ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ የውጭ ምልክት ስለሌለ ጠባቂው ይበልጥ በትጋት መመዝገብ ይኖርበታል።

የዝንጀሮ እርግዝና 6 ወር ያህል ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው አንድ ነው። እናቲቱ በምታጠባበት ወራት እብጠቱ አይታይም፤ ግልገሏ ከሞተ ግን ፈጥና ትመለሳለች። ስለዚህ አንዲት ሴት በተደጋጋሚ ስትፀንስ መታየቷ ሁልጊዜ የጥሩ እርባታ ምልክት አይደለም፤ ግልገሎቿ እየሞቱ መሆኑንም ሊያመለክት ይችላል። መዝገቡም የተወለዱትን ብቻ ሳይሆን የሞቱትን፣ የጨነገፉትንና አባት የሆነውን ወንድ መያዝ አለበት።

በቁጥር የሚታይ ችግር

መንጋው በሰላም ቢኖርና ቢወልድም እንኳ ሌላ ችግር ከውስጥ ያድጋል፤ እርሱም የቅርብ ዘመድ ርቢ ነው። በአጥር ውስጥ የሚታየው የእንስሳት ቁጥርና ዘሩን በእርግጥ የሚሸከመው ቁጥር አንድ አይደሉም። ይህን ለማስላት የታወቀ ቀመር አለ፤ የሚራቡትን ወንዶች ቁጥር በሚራቡት ሴቶች ቁጥርና በ4 አባዝቶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው።

ለምሳሌ 1 አውራና 20 ሴቶች ቢኖሩ፣ 1 በ20 በ4 ሲባዛ 80 ይሆናል፤ ለ21 ሲካፈል 3.8 ይገኛል። በዓይን የሚታዩት 21 እንስሳት በዘር ረገድ ከ4 የማይበልጡ ሆኑ ማለት ነው። በአንድ ትውልድ የሚጨምረው የዝምድና መጠን ደግሞ 1 ለዚህ ውጤት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ፣ 13 በመቶ ያህል ይሆናል። ይህም በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ከሚወልዱት ግልገል የዝምድና መጠን ጋር ይቀራረባል። በአንጻሩ 20ዎቹ ሴቶች በ5 አውራዎች ቢከፈሉ ውጤቱ 16፣ የዝምድናውም ጭማሪ 3 በመቶ ያህል ይሆናል። አራት ወንዶች ብቻ በመጨመራቸው ይህን ያህል ለውጥ ተገኘ።

በአገር ውስጥ ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአዲስ አበባው የአንበሳ ግቢ ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም መሥራቾቹ 5 ወንዶችና 2 ሴቶች አንበሶች እንደነበሩ ይነገራል። በዚሁ ቀመር ውጤቱ 5.7 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት በዚያ የነበሩት አንበሶች በዘራቸው የተለዩ መሆናቸውን ገልጾ፣ በታቀደ እርባታ እንዲጠበቁ አሳስቧል። እንዲህ ያለ ዘር በመዝገብ ካልተመራ ልዩነቱ በዝምድና ርቢ ይዳከማል።

ትርፍ የሚሆኑት እንስሳት

እዚህ ላይ ከፎገራ ከብት ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። ከሚወለዱት ግልገሎች ግማሽ ያህሉ ወንዶች ናቸው፤ አውራ የሚሆኑት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለወይፈን ቀንበር አለው፤ ለወንድ ዝንጀሮ ግን በማቆያ የሚሰጠው ሥራ የለም። ደግሞም ምግብ በማይጎድልበትና አዳኝ አውሬ በሌለበት አጥር ውስጥ፣ በዱር ይሞቱ የነበሩት ያድጋሉ።

ይህ አስቀድሞ ካልታሰበበት መጨረሻው ከባድ ይሆናል። በጀርመን አገር የኑረምበርግ አራዊት ማቆያ ለ25 ዐዋቂ እንስሳትና ለልጆቻቸው በተሠራ ስፍራ የነበሩት የጊኒ ዝንጀሮዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሶ ጠብና ቁስል በመብዛቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. 12ቱን ገደለ። ማቆያው የወሊድ መቆጣጠሪያ ተሞክሮ እንዳልተሳካ፣ እንስሳቱንም የሚቀበል ሌላ ተስማሚ ስፍራ እንዳልተገኘ አስታውቆ ነበር። እርምጃው ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቷል። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ሊነሣ የሚገባው ዝንጀሮዎቹ 40 ሲሆኑ ሳይሆን ገና 20 ሳሉ ነው።

የሚታወቁት ዘዴዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለሴቶች ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሆርሞን መድኃኒት መስጠት ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሲወጣ መውለድ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው የወንዱን የዘር ቧንቧ መቋጠር ነው። ይህ ከማኮላሸት የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የተኮላሸ ወንድ የወንድነት ሆርሞኑን ስለሚያጣ አውራነቱም ይላላል፤ ቧንቧው የተቋጠረ ወንድ ግን አውራ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ቤተሰቡን ይጠብቃል፤ መውለድ ብቻ ይቀራል። በሬ ለማድረግ የሚበጀው ዘዴ ለዝንጀሮ ማኅበር የማይበጀው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ወንዶችን ለብቻቸው በአንድ ስፍራ ማኖር ነው። ይህም ቤተሰብ የሌላቸው ወንዶች በዱር አብረው ከሚኖሩበት ከጭላዳ ልማድ ጋር ስለሚስማማ በአንዳንድ የአውሮፓ ማቆያዎች ይሠራበታል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በአካባቢው ለሚያስተምር መምህር የጣራ ገዳም ደን የቅርብ ቤተ ሙከራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪዎች ሰብል ሲጠብቁ ከዝንጀሮና ከጦጣ ጋር ውለዋል፤ ለዚህም ጥበቃ ሲሉ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የትኛው ፊት እንደሚቀድም፣ የትኛው ዘብ እንደሚቆም፣ እናቶች የት እንደሚሆኑ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ወደ ክፍል ማምጣት ለትምህርቱ ጥሩ መነሻ ነው። የገዳሙን ፈቃድ በማግኘትና በሩቅ በመቆም ዐዋቂ ወንዶችን፣ ዐዋቂ ሴቶችን፣ ግልገል የያዙትንና ጠጉራቸው ገና ጥቁር የሆነ ጨቅላዎችን ለይቶ ማስቈጠር፣ ከዚያም ከላይ በተገለጸው ቀመር ማሠራት ይቻላል። እንስሳቱን መመገብ፣ መንካት ወይም ግልገል ይዞ ማሳደግ ግን መከልከል አለበት፤ በሽታ ያስተላልፋሉ፤ ከማኅበሩ ተነጥሎ ያደገ ግልገልም ወደ መንጋው ተመልሶ ለመኖር ይቸገራል። በሕግ በኩልም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ የሚመራ መሆኑን ማስረዳት ተገቢ ነው።

ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ማንኛውም የማቆያ ወይም የማርቢያ ሐሳብ ሲቀርብላቸው የሚከተሉትን መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤

ሀ) የሚያዘው ዓይነት የትኛው ነው? የማኅበር ሥርዓቱስ በዱር ተጠንቷል?

ለ) መሥራቾቹ የሚተዋወቁ ቤተሰቦች ናቸው ወይስ ከየቦታው የተለቀሙ?

ሐ) ስንት አውራዎች ይራባሉ? መዝገቡንስ ማን ይይዛል?

መ) አውራ የሚለወጠው በምን ጊዜና በምን ሁኔታ ነው?

ሠ) ከአሥር ዓመት በኋላ የሚኖሩት እንስሳት ስንት ይሆናሉ? የት ያድራሉ? ማን ይቀልባቸዋል?

«ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» የሚለው ተረት አብዛኛውን ጊዜ በቀልድ ይነገራል። ለዕቅድ አውጪ ግን ቁም ነገር አለው፤ ቦታው ሳይዘጋጅ መራባቱ አይታቀድም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ በለንደን ብዙ እንስሳት የጠፉት ጠባቂዎቹ ስለ እንስሳቱ ደንታ ስላልነበራቸው ሳይሆን ማኅበራቸውን ስላላወቁ ነው፤ ዕውቀቱም የተገኘው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኤረር ገደል ነው። የከብት መንጋ በባለቤቱ ፈቃድ ይደራጃል፤ የዝንጀሮ ማኅበር ግን የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ የሚያረባው ሰው አስቀድሞ ያንን ሥርዓት መማር ግዴታው ነው። የሐማድርያስም ሆነ የጭላዳ አገር በሆነችው በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በስሜን ተራራ፣ በአዋሽ ዳርቻና በጣራ ገዳም ደን እንስሳቱ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ይኖራሉ፤ እነዚህ ስፍራዎች እስከተጠበቁ ድረስም መምህሩና ተመራማሪው የሚማሩበት አያጡም።